የኮሪ ቴን ቦም ቤት፣ ሀርለም ኔዘርላንድ፦ በዚያ ካለፋችሁ ገብታችሁ እዩት

አምስተርዳም ለሥራ፣ ለዘመድ ጥየቃ ወይ ለትራንዚት ብቅ የምትሉ ብዙ ስለሆናችሁና ሁሌም የምትጠይቁት ደሞ "ምን እንይ" ስለሆነ ይሄን ሪቪው ረዘም አርጌ ነው የምጽፈው። የኮሪ ቴን ቦም ቤት ሚባለው ሙዚየም (በናዚ ጊዜ አይሁዳውያንን የደበቀ የአንድ ክርስቲያን ቤተሰብ ቤት ነው) ያለው ሀርለም ከተማ ነው፣ ከአምስተርዳም ሴንትራል በባቡር ሃያ ደቂቃ ገደማ፣ ከጣቢያው ደሞ በእግር አስር ደቂቃ ያህል፣ አድራሻው ባርተልዮሪስስትራት 19። እኔ ሙሉ አምስት ኮከብ ነው የምሰጠው። ክርስቲያን ለሆነ ሰው ደግሞ፣ በተለይ መንግሥት በእምነቱ ሲነሳበት ያየ ወይም ወላጆቹ ያ የደረሰባቸው ከሆነ፣ ከቱሊፑም ከቦዩም በፊት እዚህ ይሂድ እላለሁ።

ትልቅ ሙዚየም አትጠብቁ፣ ቤት ነው። ፊት ለፊቱ ዛሬም የሰዓትና የጌጣጌጥ ሱቅ ነው፣ ወደ ሙዚየሙ የሚገባው በጎን ባለችው ጠባብ መተላለፊያ በኩል ነው። ሰዓታችሁ ሲደርስ በር ይከፈትና በትንሽ ግሩፕ ትገባላችሁ፣ ደረጃ ወጥታችሁ የቤተሰቡ ሳሎን ውስጥ ትቀመጣላችሁ፣ እውነት የምላችሁ ልክ እንግድነት እንደሄደ ሰው ነው የምትቀመጡት። ጋይዶቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ አማኞችም ናቸው፣ ሲያወሩ በቃላቸው የሸመደዱትን የሚያነበንቡ አይመስሉም፣ ስለ አያታቸው የሚያወሩ ነው የሚመስሉት። እኛን የያዘችን ሴትዮ በዕድሜ የገፋች ናት፣ ድምጿ ዝቅ ያለ፣ መሀል ላይ ቆም እያለች ሰው እንዲያስብ ጊዜ ትሰጣለች፣ ጥያቄ ሲጠየቅም አትቸኩልም። ቱሩ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ቤቱ የሚተዳደረው በስጦታ ስለሆነ ስትወጡ የአቅማችሁን ጣል አርጉ።

ታሪኩን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ቪለም ቴን ቦም የሚባል ሰው በ1837 እዚህ ቤት የሰዓት ሱቅ ከፈተ። በ1844 ደግሞ ስለ አይሁድ ሕዝብና ስለ ኢየሩሳሌም ሰላም የሚጸለይበት ሳምንታዊ ጸሎት ቤቱ ውስጥ ጀመረ። ልጁ ካስፐርም ሱቁንም ጸሎቱንም ወረሰ፣ የካስፐር ልጆች ቤትሲና ኮሪ ሳያገቡ ከአባታቸው ጋር ኖሩ፣ ኮሪ በ1922 በኔዘርላንድ የሰዓት ሠሪነት ፈቃድ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ጠዋትና ማታ መጽሐፍ ቅዱስ ይነበባል፣ የተቸገረ ይስተናገዳል፣ ወላጅ የሌለው ልጅ ወስደው ያሳድጋሉ፣ በቃ የሰፈር ሰው የሚያከብራቸው ተራ ቤተሰብ ናቸው። ግንቦት 1940 ናዚዎች አገሪቱን ያዙ። ያ ጸሎት በተጀመረ በመቶኛው ዓመት፣ በ1944፣ ጌስታፖ (የናዚ ምስጢር ፖሊስ) ያንኑ ቤት ገብቶ ያንኑ ቤተሰብ አሰረ፣ የታሰሩትም አይሁዳውያንን ስለደበቁ ነው። ጋይዷ ይሄን ስትናገር ድምጿን ምንም አልቀየረችም፣ እኔ ግን ከዚያ በኋላ የሰማሁትን ሁሉ የሰማሁት ይሄን ይዤ ነው። ያ ቤተሰብ ያን ቀን ለመጽናት የተዘጋጀው ለመቶ ዓመት ነው፣ በየሳምንቱ፣ ማንም ሳያይ፣ ሻይ ቀርቦ ጸሎት እየተደረገ። እኛ ቤተክርስቲያን ውስጥ ስለ ሰማዕትነት ሲሰበክ ብዙ ጊዜ የሚነገረን የመጨረሻዋ ቀን ብቻ ናት፣ እዚህ ቤት ግን የቀደሙትን ቀኖች ነው የሚያሳዩዋችሁ፣ ለኔ የዚህ ሙዚየም ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

ወደ ዕቃዎቹ ልምጣ። መስኮት ላይ ሦስት ማዕዘን የሆነች የሰዓት ማስታወቂያ ትቆም ነበር፣ አልፒና የሚል የተጻፈባት፣ እሷ ካለች ሰላም ነው ግቡ ማለት ነው፣ ከሌለች ደሞ እለፉ። ደረጃው ሥር ደግሞ እንደ ክዳን ብድግ የምትል እርከን አለች፣ ውስጧ የራሽን ካርድ ይደበቅ ነበር። ካርድ የሌለው ሰው ምግብ አይገዛም፣ አይሁዳዊ ደግሞ ካርድ አይሰጠውም፣ ስለዚህ ሰው መደበቅ ማለት በር መክፈት ብቻ አልነበረም፣ በየወሩ ካርድ ከየትም ብሎ ማምጣት ማለት ነው፣ ያንን ደሞ ምግብ ቢሮ የሚሠራ አንድ የሚያውቁት ሰው ሕይወቱን አደጋ ላይ ጥሎ ነው ያወጣላቸው። እኛ ስለ እምነት ጽናት ስናወራ እንዲህ ያለውን ነገር እንረሳለን፣ ማን አበላቸው፣ ማን ወረቀት አመጣላቸው፣ ሽንት ቤታቸውን ማን ደፋ የሚለውን።

ከዛ ወደ ላይ፣ ወደ ኮሪ መኝታ ክፍል። ደረጃው ጠመዝማዛና ቀጥ ያለ ነው፣ ክፍሉ ትንሽ ነው፣ ግሩፑ ሲገባ ይሞላል። መደበቂያው ያለው ከክፍሉ ዳር ከተሠራ የሐሰት ግድግዳ ኋላ ነው፣ ግድግዳው ከጡብ ነው የተሠራው፣ ምክንያቱም ጣውላ ቢሆን ፈታሾች ሲመቱት ባዶነቱ ይሰማል። ጡቡን ሰው እንዳያይ ጥቂት ጥቂት እያረጉ በቦርሳ ነው ያስገቡት። መግቢያው የአንሶላ ማስቀመጫ ቁም ሳጥን ሥር ነው፣ የታችኛው መደርደሪያ ኋላ ያለችው ሳንቃ ወደ ላይ ትንሸራተታለች፣ በሆድ ተስበህ ነው የምትገባው። አሁን ጎብኚ ውስጡን እንዲያይ ግድግዳው ላይ ቀዳዳ ተከፍቷል። ጥልቀቱ አንድ ሜትር እንኳን አይሞላም፣ ቁመህ ግድግዳውን ተደግፈህ ነው ምትሆነው፣ ጎንህ ያለው ሰው ሲተነፍስ ይሰማሃል። እጄን አስገብቼ ጡቡን ነካሁት፣ ቀዝቃዛና ሸካራ ነው። ከግሩፑ ውስጥ አንድ ልጅ በቁም ሳጥኑ በኩል ተስቦ ገብቶ ታየን፣ አባቱ ሊስቅ ነበርና መሀል ላይ ተወው።

ልምምድም ያደርጉ ነበር። ደወል ይደወላል፣ ምግብ ላይም ይሁኑ እንቅልፍ ላይ የተደበቁት ሁሉ ሳህናቸውንና ልብሳቸውን ይዘው፣ ፍራሻቸውን ሳይቀር ገልብጠው (የተኙበት ሙቀት እንዳያሳብቅ) ወደ ላይ ይሮጣሉ፣ ከብዙ ልምምድ በኋላ ወደ 70 ሰከንድ አወረዱት። የካቲት 28 ቀን 1944 ዕለት ልምምዱ እውን ሆነ። ጠዋት አንድ ሰው መጣ፣ ሚስቴ አይሁድ ደብቃ ተይዛለችና ለፖሊስ ከፍዬ ላስፈታት ገንዘብ ስጪኝ አለ፣ ኮሪ በኢንፍሉዌንዛ ተኝታ ነበር፣ ተነስታ እሺ አለችው፣ ሰውዬው ግን ሰላይ ነበር። ጌስታፖ ቤቱን ወጥሮ ያዘው፣ የመስኮቷ ምልክት ወድቃ ነበርና መልሰው አቆሟት፣ ከዛ ሰላም ነው ብሎ የመጣውን ሁሉ አንድ በአንድ ያዙት፣ 30 ያህል ሰው በአንድ ቀን። ፎቅ ላይ ያሉትን ስድስት ሰዎች ግን ምንም ቢፈልጉ አላገኟቸውም። አራቱ አይሁዳውያን፣ ሁለቱ የሆላንድ የኅቡዕ ትግል ሰዎች፣ ያለ ውሃና ከትንሽ ነገር በቀር ያለ ምግብ 47 ሰዓት ቆመው ተቀምጠው ቆዩና ልባቸው ከትግሉ ጋር የሆኑ ፖሊሶች አወጧቸው። ከአራቱ ሦስቱ ጦርነቱን ተርፈዋል።

ኮሪ እስር ቤት ብቻዋን ክፍል ውስጥ ሆና ስለነሱ ምንም አታውቅም ነበር። አንድ ቀን ከእህቷ ደብዳቤ ደረሳት፣ የአድራሻው ጽሕፈት ወደ ቴምብሩ ያዘነበለ መሰላት፣ ቴምብሩን በውሃ አርሳ አነሳችው፣ ሥሩ በደቃቅ ጽሕፈት ቁም ሳጥንሽ ውስጥ ያሉት ሰዓቶች ሁሉ ደህና ናቸው የሚል መልእክት ነበረበት። እንግዲህ ይሄን ስሰማ እኔ እንባዬን አልቻልኩም፣ አጠገቤ የነበሩት ሰዎችም እንደዛው።

አባታቸው ካስፐር 84 ዓመቱ ነበር። መርማሪው አዛውንት ናቸው ብሎ አዝኖ ይሁን ምን፣ ከእንግዲህ ካላስቸገርክ ቤትህ ሄደህ አልጋህ ላይ ሙት አለው፣ እሱ ደሞ ዛሬ ቤቴ ብመለስ ነገ በሬን ለሚያንኳኳ ለተቸገረ ሰው ሁሉ እከፍታለሁ ብሎ መለሰ። ከ10 ቀን በኋላ እስር ላይ እያለ ሞተ። ስድብ የለም፣ ፉከራ የለም፣ ነገ የሚያደርገውን ነው የነገራቸው። በተያዙበት ቀን ማታ ፖሊስ ጣቢያ ወለል ላይ ተቀምጠው ልጆቹንና የታሰሩትን ሁሉ ሰብስቦ የወትሮውን የማታ ጸሎት አድርሷል፣ መዝሙር 119ን፣ እግዚአብሔርን መጠለያዬ የሚለውን፣ በቃሉ እያለላቸው።

አሁን ደግሞ ቱሩ ላይ ብዙ ውይይት ያስነሳውን ነገር ላንሳ። ከጎብኚዎቹ አንዱ "ሮሜ 13 ለባለ ሥልጣን ተገዙ ይላል፣ እነዚህ ሰዎች ሕግ ጥሰው፣ ካርድ ሰርቀው፣ ዋሽተው፣ ይሄ እንዴት ይታያል?" ብሎ ጠየቀ። ጋይዷ አልሸሸችም። ቤተሰቡ ራሱ አንድ አቋም እንዳልነበረው ነው የነገረችን። ኖሊ የምትባለው የኮሪ እህት ወታደሮች ቤቷ ገብተው አንዷን ልጅ አይሁዳዊት ናት ወይ ሲሏት አልዋሽም ብላ አዎ አለች፣ ሁለቱም ተያዙ፣ ልጅቷን በኋላ የኅቡዕ ትግሉ ሰዎች አስመለጧት። ኮሪ በዚህ በጣም ነው የተቆጣችው። የኖሊ ልጅ ፔተር ደግሞ ኦርጋን ተጫዋች ነበር፣ በ1942 ቤተክርስቲያን ውስጥ የተከለከለውን የሆላንድ ብሔራዊ መዝሙር በሙሉ ድምፅ ተጫውቶ ታስሯል። እኔ በበኩሌ ከኮሪ ጋር ነኝ። የዕብራውያን አዋላጆች ለፈርዖን እውነቱን አልነገሩትም እግዚአብሔርም መልካም አደረገላቸው፣ ረዓብም ሰላዮቹን ደብቃ አልፈዋል ብላለች፣ ሐዋርያትም ሸንጎ ፊት ቆመው "ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር ልንታዘዝ ይገባል" ነው ያሉት። ለግብር፣ ለትራፊክ፣ ለሰፈር ሥርዓት እንገዛለን፣ ነፍሰ ገዳይ ሕፃን አምጣ ሲል ግን መገዛት የሚባል ነገር የለም። ኖሊን ግን አልነቅፋትም፣ እሷም ዋጋ ከፍላበታለች።

እዚህ ላይ የሚያምም ነገር አለ። ኮሪ አንዲት አይሁዳዊት እናትና አራስ ልጇን ከከተማ ወጣ ብሎ የሚኖርን አንድ ቄስ ቤትህ ደብቅልኝ ብላ ስትለምነው በዚህ ሕይወታችንን ልናጣ እንችላለን ብሎ እምቢ አላት። ካስፐር ነው ሕፃኑን ታቅፎ ለዚህ ልጅ ሕይወቴን ብሰጥ ክብሬ ነው የሚል መልስ የሰጠው። ከኔዘርላንድ ከ100,000 በላይ አይሁዳውያን ተወስደው ተገድለዋል፣ ቤተክርስቲያን የሞላበት አገር ነው እኮ። የባለ ሥልጣኑ ጭካኔ የሚታወቅ ነው፣ የወንድም ዝምታ ነው ኮሪን ይበልጥ ያሳዘናት፣ እኔንም።

ሀበሻ ሆናችሁ ይሄን ቤት ስታዩ የራሳችን ነገር አለመምጣቱ አይቻልም። እናቴ በደርግ ጊዜ የቤት ኅብረት ያደገች ናት። መሠረተ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. (ይሄ በኛ አቆጣጠር ነው) ሲዘጋ፣ ሕንፃው ሲወረስ፣ መሪዎቹ ለዓመታት ሲታሰሩ ምዕመኑ በየቤቱ አምስት ስድስት ሆኖ ቀጠለ፣ ተራ በተራ መግባት፣ ተራ በተራ መውጣት፣ ጫማ ደጃፍ ላይ እንዳይከማች ወደ ውስጥ ማስገባት፣ መዝሙር በሹክሹክታ፣ ቀበሌ ቢመጣ ቡና እየጠጣን ነው ማለት። ስትዘጋ 5,000 ገደማ የነበረችው ቤተክርስቲያን ደርግ ሲወድቅ ከ30,000 በላይ ሆና ነው የወጣችው። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር የመውጣት ዕድል ተመቻችቶላቸው መንጋዬን ትቼ አልሄድም ብለው በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ፣ ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳ ወደ አስር ዓመት ታስረዋል። አቡነ ቴዎፍሎስ ከመንበራቸው ወርደው በዚያው ዓመት ተገደሉ። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም መካነ ኢየሱሱም በአንድ ወቅት አንድ ጽዋ ጠጥቷል፣ ዛሬ እርስ በርስ ስንሰዳደብ ይሄን ብናስታውስ ጥሩ ነበር። እናቶቻችን የተሰበሰቡባቸው ቤቶች ላይም፣ ሳይፈርሱ ማለቴ ነው፣ እንዲህ ሳሎን ላይ አስቀምጦ ታሪኩን የሚነግር ሰው ቢኖር ምንኛ ደስ ይለኝ ነበር። ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም፣ ቴን ቦሞች ቤት ያለው ወንበር፣ ቁም ሳጥንና የሚያወራ ሰው ነው።

የመጨረሻው ክፍል ስለ ራቨንስብሩክ ነው፣ ቤትሲና ኮሪ የተወሰዱበት የሴቶች ማጎሪያ ካምፕ። መጽሐፍ ቅዱስ ደብቀው አስገብተው ማታ ማታ ለእስረኛው ያነቡ ነበር፣ ከቁንጫው ብዛት ጠባቂዎቹ ወደ ማደሪያቸው መግባት ስለሚጠሉ ማንም አልያዛቸውም፣ ቤትሲ ስለ ቁንጫውም እናመስግን ስትል ኮሪ መጀመሪያ አልዋጥላት ብሎ ነበር። ቤትሲ ታኅሣሥ 16 ቀን 1944 እዚያው አረፈች፣ ኮሪ ከቀናት በኋላ በጽሕፈት ስህተት ተፈታች። ከጦርነቱ በኋላ ከ60 በላይ አገር እየዞረች ስለ ይቅርታ አስተማረች፣ በ1947 ሙኒክ ውስጥ ከስብከቷ በኋላ ከካምፑ ጠባቂዎች አንዱ መጥቶ እጁን ዘረጋላት፣ እጇ እምቢ እንዳላት፣ ጌታ ሆይ አንተ ካልረዳኸኝ አልችልም ብላ እንደጨበጠችው እሷው ተናግራለች። በ1967 የእስራኤሉ የሆሎኮስት መታሰቢያ ያድ ቫሼም ከአሕዛብ ጻድቃን (አይሁድን ካዳኑ አይሁድ ያልሆኑ ሰዎች) መካከል መዘገባት፣ በ1983 በተወለደችበት ቀን፣ 91 ዓመት ሲሞላት አረፈች።

ጋይዷ እዚህ ጋ አንድ በክር የተሠራ ጨርቅ አንስታ ጀርባውን አሳየችን፣ የተወሳሰበ የክር ትብትብ ነው፣ ከዛ ገለበጠችው፣ ዘውድ ነው። ኮሪ ራሷ በየአገሩ ስታስተምር የምታሳየው ነበር። ፎቶ ላይ አይቼው አውቃለሁ፣ ፊት ለፊቱ ቆመህ የኮሪን ወንድም የቪለምንና የልጁን የኪክን ሞት ሰምተህ ስታየው ግን ሌላ ነው፣ ኪክ በርገን ቤልሰን ማጎሪያ ካምፕ ነው የቀረው፣ ቪለም ከእስር ቤት በያዘው በሽታ ከጦርነቱ በኋላ ሞተ። ቤተሰቡ የከፈለው ዋጋ የአራት ሰው ሕይወት ነው። ይህ ቤተሰብና ጓደኞቹ ያተረፉት አይሁዳዊ ደግሞ ወደ 800 እንደሚሆን ይገመታል።

እንግዲህ ለመሄድ ላሰባችሁ፦ ቀድማችሁ ኦንላይን ቡክ አድርጉ፣ ቦታው ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይሞላል፣ ዝም ብላችሁ በር ላይ ብትሄዱ ላትገቡ ትችላላችሁ። እሁድ ዝግ ነው፣ ስለዚህ ከቸርች በኋላ እንሄዳለን ብላችሁ አታቅዱ። ቱሩ በደችና በእንግሊዝኛ ነው፣ ቡክ ስታደርጉ የቱ ሰዓት በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ ልብ በሉ፣ እንግሊዝኛ ለማይሰሙ ወላጆች አጠገባቸው ሆኖ የሚያስተረጉም ሰው ይኑር፣ ታሪኩን ቤት ውስጥ ቀድማችሁ ብትነግሯቸው ደግሞ ይበልጥ ያገኙታል። ደረጃው የድሮ የሆላንድ ደረጃ ነው፣ ጠባብና ቀጥ ያለ፣ ሊፍት የለም፣ ጉልበት ለሚያመው ሰው ይከብዳል፣ ዊልቸርም አይወጣም። ትንንሽ ልጆች ሳሎን ውስጥ ተቀምጠው ረጅም ወሬ መስማት ይሰለቻቸዋል፣ ከስምንት ከዘጠኝ ዓመት በላይ ላሉት ግን በጣም አሪፍ ነው፣ ቁም ሳጥኑን አይረሱትም። መሄድ ለማትችሉ ደግሞ ዌብሳይታቸው ላይ ክፍሎቹን እያዞራችሁ የምታዩበት ቨርቹዋል ቱር አለ፣ ነፃ ነው፣ እኔ ለእናቴ በስልክ ከፍቼላት መደበቂያው ጋ ስትደርስ "አጉዪልኝ እስቲ" አለችኝና ቆይታ አየችው።